የዘገየ እሳት፣ የጋለ ጭስ፦ የማቀጣጠያ ብልሽትና የአውሮፕላን ሞተር

ባለ ፒስቶን አውሮፕላን የሚያበር ሰው ከመነሳቱ በፊት የማይዘለው አንድ ፍተሻ አለ። ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1,800 ዙር ያደርስና የብልጭታውን ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩት ሁለት ማግኔቶዎች አንዱን ለጥቂት ሰከንድ ያጠፋል። ዙሩ ይወርዳል፣ ሞተሩ ጉልበት ማጣቱ በጆሮም ይሰማል። የጭስ ሙቀት መለኪያው ግን ወደ ላይ ይወጣል፤ በአብዛኛው ከ30 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ። የገባው ነዳጅና አየር ያው ነው፤ የወጣው ጉልበት ግን አንሷል። ታዲያ ጭሱ የሚግለው ከምን የተነሳ ነው?

ጥያቄው የተማሪ ጥያቄ ይመስላል፤ በሃንጋር ውስጥ ግን ዋጋው ከባድ ነው። የጭስ ሙቀት ከፍ ባለ ቁጥር ሞተሩ እየተቃጠለ ነው ብሎ የሚደነግጥ አብራሪ አለ። ዝቅ ሲል ደግሞ እፎይ የሚል አለ፤ አንዳንዴም እፎይ ያለው ፒስቶኑ መቅለጥ በጀመረበት ደቂቃ ላይ ነው። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው አንድ ነገር ነው፤ ይህ መለኪያ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ ይነግረናል ብለው ማመናቸው። በማቀጣጠያ ጉዳይ የጭስ ሙቀት ከሁሉ በፊት የሚነግረን እሳቱ መቼ እንደነደደ ነው።

ነገሩን ከሲሊንደሩ ውስጥ እንጀምር። በ2,500 ዙር የሚሠራ ሞተር አንዱን ዙር በ24 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። ብልጭታው የሚነሳው ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ነው፤ በብዙ የላይካሚንግ ሞተሮች 25 ዲግሪ፣ በሌሎች 20 ወይም 22 ዲግሪ ቀድሞ። ልኩ በሞተሩ ስም ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የሚቀድመው ድብልቁ በአንድ ቅጽበት ስለማይነድ ነው። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ በሲሊንደሩ ውስጥ እየተስፋፋ ይሄዳል፤ ግፊቱም ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ፒስቶኑ ጫፉን አልፎ 15 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ነው። ከብልጭታው እስከዚያ ያለው ጊዜ ሦስት ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ግፊቱ በዚያ ሰዓት ከደረሰ ጋዙ ፒስቶኑን ረጅም መንገድ ይገፋል፣ እየገፋም ይበርዳል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሲከፈት የሚወጣው አብዛኛውን ጉልበቱን ያስረከበ ጋዝ ነው።

እሳቱ ከዘገየ ግን ፒስቶኑ ሸሽቶ ሄዷል። ጋዙ የሚገፋበት መንገድ ያጥራል፤ ወደ ሥራ ያልተለወጠው ሙቀትም ቫልቩ ሲከፈት ከጭሱ ጋር ይወጣል። ድስቱ ከወረደ በኋላ የሚንቦገቦግ እንጨት ወጡን ሳያበስል ማድ ቤቱን እንደሚያሞቅ ማለት ነው። ከዚሁ ጋር ሁለተኛ ምልክት ይመጣል። የግፊቱ ጣሪያ ዝቅ ስለሚልና ስለሚዘገይ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ የሚያልፈው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ የጭሱ ሙቀት ሲወጣ የሲሊንደሩ ራስ፣ መካኒኮቻችን ቴስታታ የሚሉት፣ ሙቀቱ በጥቂቱ ይወርዳል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ማየት ከማቀጣጠያ ምርመራ ሁሉ የሚበልጥ ፍንጭ ነው። አንዱን ብቻ የሚያሳይ መለኪያ ያለው አብራሪ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያየው።

ማግኔቶው ሲጠፋ የሆነውም ይኸው ነው። የአውሮፕላን ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ለሞተር ፈቃድ ሲሰጥ ሁለት ካንዴላና የየራሳቸው ምንጭ ያላቸው ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮች፣ ወይም በአየር ላይ በእኩል የሚታመን ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲያደርስ ነው። ሁለተኛው ጥቅም ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በታወቁት አራት ሲሊንደር ላይካሚንጎች የሲሊንደሩ ስፋት 13 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለት እሳት ከሁለት ወገን ተነስቶ መሃል ላይ ሲገናኝ ድብልቁ ቶሎ ያልቃል። አንዱ ካንዴላ ከሞተ አንዱ እሳት ስፋቱን ሁሉ ብቻውን ማቋረጥ አለበት። ብልጭታው በሰዓቱ ተነስቶ ሳለ ቃጠሎው ይዘገያል፤ ጭሱም ይግላል።

ቁጥሩን የሚያመጣውን መሣሪያም ማወቅ ይገባል። በጭስ ቱቦው ውስጥ ከሲሊንደሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ የሚገባው መርፌ ክሮሜልና አሉሜል ከሚባሉ ሁለት ቅይጥ ብረቶች የተሠራ ቴርሞካፕል ነው። የጭስ ቫልቩ የሚከፈተው ከዑደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ጊዜ ብቻ ስለሆነ መርፌው የሚያነበው የትኩስ ጋዝ ምትና የዝምታ አማካይ ነው። የጋዙን እውነተኛ ሙቀት አይናገርም። መርፌው ትንሽ ቢጠጋ ወይም ቢርቅ ንባቡ ይለወጣል። ስለዚህ ሦስተኛው ሲሊንደር 760፣ አንደኛው 735 ዲግሪ አሳዩ ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። የሚናገረው ያው ሲሊንደር በያው ኃይልና በያው ድብልቅ ትናንት ካሳየው ዛሬ መራቁ ነው። የጤናማ ቀን መዝገብ የሌለው አውሮፕላን ሲታመም ሕመሙን የሚያመሳክሩበት ነገር አይኖርም፤ ይህን መዝገብ ሞተሩ ደህና ሳለ ማስቀመጥ ከማንኛውም መሣሪያ ግዢ በፊት የሚመጣ ሥራ ይመስለኛል።

አሁን በባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አንዲት ካንዴላ በበረራ ላይ ሞተች እንበል። የአንድ ሲሊንደር የጭስ ሙቀት ከልማዱ 40 ዲግሪ ከፍ ብሏል፤ የቴስታታው ጥቂት ወርዷል፤ ሌሎቹ በቦታቸው ናቸው። አብራሪው ቁልፉን ወደ ግራ ማግኔቶ ሲያዞር ሌሎቹ ሲሊንደሮች ሁሉ ከፍ ሲሉ ያ ሲሊንደር ካልተንቀሳቀሰ፣ ቀድሞም በግራ ብልጭታ ብቻ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ወደ ቀኝ ሲያዞር ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ የዚያ ሲሊንደር የጭስ ሙቀትም በአንድ ጊዜ ይዘቅጣል፤ ምንም የሚነድ የለምና። አሁን የሚፈለገው የቀኙ ማግኔቶ በዚያ ሲሊንደር የሚያቀጣጥልባት ካንዴላ ወይም ገመዷ መሆኑ ታወቀ። መካኒኩ ስምንቱንም ካንዴላ ከመፍታት ዳነ። ካንዴላዋን ከጎረቤት ሲሊንደር ጋር ለውጦ ሲሞክር ችግሩ አብሮ ከሄደ ካንዴላዋ፣ ከቀረ ገመዱ ወይም ማግኔቶው ነው።

በመሬት ላይ የሚደረገው የዙር ፍተሻ ይህን ያህል አይለይም። የሴስና 172ኤስ መመሪያ በ1,800 ዙር ሲፈተሽ ቅነሳው ከ150፣ በሁለቱ ማግኔቶዎች መካከል ያለው ልዩነትም ከ50 ዙር እንዳይበልጥ ይላል። የዙር ቅነሳ ግን የሁሉም ሲሊንደር ድምር ስለሆነ የደከመች አንዲት ካንዴላ በድምሩ ውስጥ ልትደበቅ ትችላለች። ደግሞም በመሬት ላይ ሞተሩ ቀላል ጭነት ላይ ነው። በበረራ ላይ ነዳጁ በቀነሰ ድብልቅ ሲፈተሽ ግን ለማቀጣጠል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚያስፈልግ ደካማዋ ትጋለጣለች። ዙሩ ከነጭራሹ አለመውረዱም ምስጋና የሚገባው ውጤት አይደለም። ማግኔቶውን ወደ መሬት የሚያገናኘው ሽቦ ተበጥሶ ቁልፉ ቢጠፋም ማግኔቶው ሕያው ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ፕሮፔለሩ በእጅ ሲነካ ሊነሳና ሰው ሊገድል ይችላል።

ከካንዴላ ሞት ጋር በጣም የሚምታታው የተደፈነ የነዳጅ መርጫ ነው። እሱም የአንድን ሲሊንደር የጭስ ሙቀት ሊያወጣ ይችላል። መለያው በድብልቁ ላይ ነው። ነዳጁ በበዛ ድብልቅ ሲበሩ የተደፈነው መርጫ ያንን ሲሊንደር ወደ ሙቀቱ ጣሪያ፣ ማለትም ጭሱ ከሁሉ ወደሚግልበት ድብልቅ፣ ስለሚያስጠጋው ቁጥሩ ይወጣል። ሞተሩ ቀድሞውንም ከጣሪያው ወዲያ፣ አየር በበዛበት ወገን፣ የሚሠራ ከሆነ ግን ነዳጅ ሲጎድልበት ቁጥሩ ይወርዳል። የሞተች ካንዴላ በሁለቱም ወገን ታወጣዋለች። ሦስተኛ አሳሳች ደግሞ የላላ የመርፌ ማያያዣ ነው። ጋዝ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ሰባ ዲግሪ ወጥቶ አይወርድም፤ እንዲህ የሚዘል ቁጥር ከሽቦ እንጂ ከእሳት አይመጣም።

ሁሉም ሲሊንደር አብሮ ሲወጣ ጥርጣሬው ከካንዴላ ወደ ማግኔቶው ይሻገራል። ማግኔቶ ባትሪ ሳይፈልግ በራሱ ማግኔት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ዓይነት ጎትሎብ ሆኖልድ በቦሽ ድርጅት የሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ነው። መሠረታዊ አሠራሩ ዛሬም ያው ስለሆነ የብልጭታው ሰዓት በውስጡ በሚተሻሹ ክፍሎች ይለካል። ካሙ ላይ የሚሄደው ክፍል ሲበላ መክፈቻው ይዘገያል፣ ብልጭታውም ይዘገያል፤ መገናኛ ነጥቦቹ ሲበሉ ደግሞ ይቀድማል። አንዱ ሌላውን ካላካካሰው ሰዓቱ በዝግታ ይንሸራተታል፤ አብራሪው ስለሚለማመደው አያየውም። ብልጭታው ሲዘገይ የሁሉም ጭስ ይግላል፣ ቴስታታው ይቀዘቅዛል፤ ሲቀድም የተገላቢጦሽ ነው። በየ500 ሰዓቱ ማግኔቶውን ፈትቶ የመመርመር ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። በ1977 የወጣው ሴስና 172ኤን ሁለት ማግኔቶዎችን በአንድ ቤትና በአንድ ማዞሪያ ላይ የያዘ መሣሪያ ነበረው። የዚህ ዓይነቱ መያዣ ቢላላ ሁለቱም እኩል ይንሸራተታሉ፤ በመካከላቸው ልዩነት ስለማይኖር የዙር ፍተሻው ላያሳብቅ ይችላል። የጭስና የቴስታታ ሙቀት አብረው መለወጣቸው ግን ያሳብቃል።

በቅርብ ዓመታት ማግኔቶን የሚተኩ የኤሌክትሮኒክስ ማቀጣጠያዎች ይህን ንባብ ለብዙ ሰው አዲስ አድርገውታል። በቀላል ጭነትና በከፍታ ላይ፣ እሳቱ በሚዘገይበት ሁኔታ፣ ብልጭታውን ያስቀድማሉ። ባለቤቱ ከገጠመው በኋላ የጭሱ ሙቀት ወርዶ የቴስታታው ሲወጣ ያያል። ይህ ከላይ ከተነገረው ሕግ የሚጠበቅ ነው፤ ሆኖም ቴስታታው ወደ ወሰኑ እንዳይጠጋ ማቀዝቀዣውን አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል።

ወደ እውነተኛው አደጋ የምንደርስበት መንገድም ይኸው የቀደመ እሳት ነው። የካንዴላ ነጭ ሸክላ ሲሰነጠቅ የተሰበረው ጠርዝ ሙቀቱን ማስተላለፍ ስለማይችል ይፋጃል። ከዚያ በኋላ ድብልቁ ብልጭታ አይጠብቅም፤ ፒስቶኑ ገና እየወጣ ሳለ ከፋመው ሸክላ ይነሳል። የሚነደው ጋዝ እየተጨመቀ በሲሊንደሩ ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ሙቀቱን ለግድግዳውና ለፒስቶኑ ያፈሳል። የቴስታታው ቁጥር በደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ ይተኮሳል። የጭሱ ቁጥርስ? ይወርዳል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከዚያም በጣም ቀድሞ ይለሰልሳል። የላይካሚንግ የቴስታታ ወሰን 260፣ የብዙ ኮንቲኔንታል ሞተሮች ደግሞ 238 ዲግሪ የሆነው በከንቱ አይደለም። የጭስ ሙቀትን ብቻ የሚጠብቅ አብራሪ በዚያች ሰዓት መርፌው ወደሚወደው አቅጣጫ ሲሄድ ያያል። መደረግ ያለበት ግን ኃይል መቀነስ፣ ድብልቁን ማወፈርና ማረፊያ መፈለግ ነው፤ ጊዜውም በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የወደቀች ካንዴላ ደህና ብትመስልም ትጣል የሚለው የሃንጋር ደንብ ለአንዳንዱ ብክነት ይመስለዋል። እኔ ግን ከዚህ የረከሰ መድን አላውቅም።

ታዲያ ከፍ ያለ የጭስ ሙቀት በራሱ አይጎዳም ወይ? ጤነኛ ሞተር ላይ አብራሪው ድብልቁን ከሙሉ ነዳጅ ወደ ሙቀቱ ጣሪያ ሲያመጣው ቁጥሩ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ አንዲት ካንዴላ ከምታመጣው ይበልጣል፤ ሞተሩም በመጠነኛ ኃይል ይሸከመዋል። የጭስ ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስረክበው ለመቀመጫው ነው፤ ስለዚህ በደንብ የማይቀመጥ ቫልቭ ከ40 ዲግሪ ጭማሪ ይልቅ ያስፈራኛል። በማቀጣጠያ ሕመም የወጣ ቁጥር መልእክተኛ ነው፤ የሚጠገነውም የላከው ብልሽት ነው። ተርቦቻርጀር ያለው ሞተር ግን ከዚህ ይለያል። የጋለው ጭስ በቀጥታ የሚመታው በፍጥነት የሚዞር ተርባይን ስለሆነ፣ የብዙዎቹ ወሰን 900 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ ወሰኑ ተጠግቶ ሲበር ካንዴላ የሞተበት ሞተር ወሰኑን ሊሻገር ይችላል። ሌላው ጉዳት በግድየለሽነት የሚመጣ ነው፤ በፍተሻ ጊዜ ቁልፉን አሳልፎ ሁለቱንም ማግኔቶ ያጠፋና ደንግጦ የሚመልስ ሰው፣ ሳይነድ ወደ ጭስ ቱቦ የሄደውን ነዳጅ እዚያው ያፈነዳዋል፤ ማርሚታውንም ሊሰነጥቀው ይችላል። በብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች የጓዳው ማሞቂያ አየር የሚመጣው በማርሚታው ዙሪያ ስለሆነ የተሰነጠቀ ማርሚታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ አብራሪው ያመጣል።

ካንዴላዎች ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች ትልቁ በነዳጁ ውስጥ ነው። 100ኤልኤል የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይይዛል። እርሳሱ በጋዝ መልክ እንዲወጣ ከብሮሚን ጋር የሚያገናኘው ውህድ አብሮ ይጨመራል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ካንዴላው በበቂ ከጋለ ነው። ዝቅ ባለ ዙርና ነዳጁ በበዛ ድብልቅ ረጅም ጊዜ መሬት ላይ የቆየ ሞተር የእርሳስ ጠጠርና ጥላሸት ያከማቻል፤ በተለይ ዘይት በሚወርድባቸው በታችኞቹ ካንዴላዎች ላይ። ይህ ነገር ለእኛ አገር ቅርብ ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተመጠነ ነዳጅ እዚህ ከልክ በላይ ይሆናል። በቦሌ መንደርደሪያ ላይ የድብልቅ እጀታውን ወደ ሙሉ ነዳጅ ገፍቶ የሚሄድ ተርቦቻርጀር የሌለው ሞተር ካንዴላዎቹን ገና ሳይነሳ ያጨቀያል። ለደጋ አብራሪ ድብልቁን በመሬት ላይ ማሳሳት የመጀመሪያው የካንዴላ እንክብካቤ ነው። ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው፤ በማግኔቶው ውስጥ ያለው አየር ሲሳሳ ብልጭታው ወደ ካንዴላው ከመሄድ ይልቅ እዚያው ውስጥ መዝለል ይቀለዋል። ወደ ሌላ ሲሊንደር ከዘለለ ያለሰዓቱ ያቀጣጥላል። ከፍ ብለው የሚበሩ ባለ ተርቦ ሞተሮች በአየር የተሞሉ ማግኔቶዎች የተሰጧቸው ለዚህ ነው።

በትልልቆቹ የፒስቶን ሞተሮች ዘመን ይህ ሁሉ በብዙ እጥፍ ተባዝቶ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ሲ-47 ሁለት ባለ 14 ሲሊንደር የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች ነበሩት፤ 56 ካንዴላ ማለት ነው። በ1958 የመጡት ዲሲ-6ቢዎች በአራት ሞተር 144 ካንዴላ ይዘው ይበሩ ነበር። እያንዳንዱን ሲሊንደር ለየብቻ የሚያነብ የጭስ ሙቀት መለኪያ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። እንደ ሱፐር ኮንስቴሌሽን ባሉ አውሮፕላኖች የበረራ መሐንዲሱ የእያንዳንዱን ካንዴላ የኤሌክትሪክ ቅርጽ በትንሽ መስታወት ላይ የሚያሳይ መመርመሪያ ነበረው፤ የታመመችው ካንዴላ የት እንዳለች አውሮፕላኑ ሳያርፍ ይታወቅ ነበር። ለትንንሽ አውሮፕላኖች ይህን ዕድል ያመጡላቸው ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተስፋፉት ሁሉንም ሲሊንደር ጎን ለጎን የሚያሳዩ መለኪያዎች ናቸው።

ጄቶች ጋ ስንመጣ ሕጉ ይቀየራል። በተርባይን ሞተር እሳቱ አንዴ ከተነሳ ራሱን ይመግባል፤ ማቀጣጠያው በዋናነት የሚያስፈልገው ለማስነሻ፣ በአየር ላይ ለጠፋ እሳት፣ በከባድ ዝናብና በረዶም ለጥንቃቄ ነው። ስለዚህ የደከመ ማቀጣጠያ በበረራ መካከል በጭስ ሙቀት ላይ ምንም አያሳይም፤ ጠዋት ሲነሳ ነው የሚያጋልጠው። ጨርሶ ካልሠራ ነዳጅ ይገባል፣ የጭሱ ሙቀት ግን ከቦታው አይነሳም። ዘግይቶ ከሠራ በማቃጠያው ክፍል የተጠራቀመው ነዳጅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነሳና ሙቀቱ ይተኮሳል፤ አየሩ ገና ደካማ ስለሆነም የተርባይኑን ምላሶች የሚያቀዘቅዝ በቂ ነፋስ የለም። በቦይንግ 737-800 ላይ ያለው ሲኤፍኤም56-7ቢ ሞተር በማስነሻ ጊዜ የተፈቀደለት ጣሪያ 725 ዲግሪ ነው፤ ለመንደርደሪያ ግን 950። የማስነሻው ወሰን ዝቅ ያለው በዚህ የነፋስ እጦት ነው። በዚህ አውሮፕላን አብራሪዎች የግራውንና የቀኙን ማቀጣጠያ እያፈራረቁ የሚጠቀሙት አንዱ ሞቶ ሳይታወቅ እንዳይቆይ ነው። ነዳጅ ከተከፈተ በኋላ በ15 ሰከንድ ውስጥ ሙቀቱ ካልተነሳ ኮምፒዩተሩ ራሱ መሬት ላይ ነዳጁንና ማቀጣጠያውን ይዘጋል። በባለ አንድ ሞተሩ ሴስና ካራቫን ላይ ግን ይህን የሚያደርገው የአብራሪው እጅ ነው። ሙቀቱ ካልተነሳ ነዳጁን ይቆርጣል፣ ማቀጣጠያውን ያጠፋል፣ የተጠራቀመው ነዳጅ እስኪፈስ ይጠብቃል፣ ከዚያም ያለ እሳት ሞተሩን በማስነሻው አዙሮ የቀረውን በነፋስ ያስወጣል፤ እንደገና የሚሞክረው ከዚያ በኋላ ነው።